ለስንዱ ሃርድቶፕ የሠራሁት የኋላ ፓራውልት

የብየዳ ሥራ የጀመርኩ ቀን የተሰጠኝ ሥራ መያዝ ብቻ ነበር። ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከፃግብጂ ወደ ሰቆጣ የመጣሁት የቀን ሥራ ፍለጋ ነበር። ጋሽ ሐጎስ የሚባሉ በያጅ መንገድ ዳር የግቢ በር ሲሠሩ ቆሜ ሳይ ዞር ብለው አዩኝና፣ ሥራ ከሌለህ ና ይህን ያዝልኝ አሉ። የበሩን ቋሚ በሁለት እጄ ጨብጬ ያዝኩ። ብልጭታው ዓይኔን እንዳይጎዳኝ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞሩኝ። ትንሽ በየዱ፣ ትንሽ አንኳኩ፣ ከዚያ ድምፅ ጠፋ።

ልቀቅ ያለኝ ሰው ስለሌለ አልለቀቅኩም። ጋሽ ሐጎስ ለካ ምሳቸውን ሊበሉ ሄደዋል። ሲመለሱ ክንዴ እየተንቀጠቀጠ ግድግዳውን እንዳየሁ አገኙኝ።

«ምን እያደረግህ ነው?» አሉ።

«ይዤ ነው።»

በሩ እኮ እኔ ከመሄዴ በፊት ጀምሮ በራሱ ቆሟል ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ። ምሳ አበሉኝና ነገም ና አሉኝ። በማግስቱ ሄድኩ፤ አሥራ አራት ዓመት እሳቸው ጋ ቆየሁ።

በእሳቸው ቤት ማዕረግ ነበረ። መጀመሪያ መያዝ ነው። ቀጥሎ በሰጌቶ፣ በእጅ መጋዝ፣ ብረት መቁረጥ ይመጣል፤ ግራይንደር የሚነካው ክንዱ ሰጌቶ የጠገበ ሰው ብቻ ነበር። ከዚያ ፑንታ መምታት፣ ማለትም ሁለት ብረት እንዳይላቀቅ በነጥብ በነጥብ ማያያዝ። ከዚያ ሙሉ ብየዳ። ከሁሉም በላይ ያለው መለካት ነው። ሜትሩ ከጋሽ ሐጎስ ኪስ አይወጣም፤ የራሴን ወገብ ልለካ ብትል እንኳ አይሰጡህም። እኔ እጅ የገባው በሰባተኛ ዓመቴ ነው። ሲሰጡኝ «ቀስ ኢልካ» አሉኝ፤ በትግርኛ ቀስ ብለህ ማለት ነው። ሌላ ምክር አልጨመሩም።

ኋላ እሳቸው አርጅተው ወደ ልጃቸው ሲሄዱ ማሽኑን ለእኔ ተዉልኝ። የራሴን ቤት ከፈትኩ። በርና መስኮት፣ የተማሪ ወንበር፣ የሆስፒታል አልጋ እግር፣ የባጃጅ ዕቃ መጫኛ ሠራሁ። ሰቆጣ ውስጥ እኔ ያልበየድኩት አጥር ካለ ባለቤቱ ወይ ከእኔ ጋር ተጣልቷል ወይ አጥሩ የእንጨት ነው እያልኩ እቀልድ ነበር።

ፓራውልት የመጣው ኋላ ነው። መኪና ሲጋጭ ምቱን የሚቀበለው፣ ከፊትና ከኋላ በአግድም የሚታሰረው ብረት ነው ፓራውልት የሚባለው። የፊቱን ሁሉም ያስባል። የኋላውን ግን መኪናው ከወንዝ ሲወጣ ጭራው ድንጋይ እስኪመታ ድረስ ማንም አያስታውሰውም። በእኛ አገር መንገድ ደግሞ ይህ ብዙ አይቆይም። የቢሮ ሃርድቶፖች ፋብሪካ የሰጣቸው ስስ ፓራውልት ተጣሞ እየመጡ፣ ወፈር ያለ ሥራልን ይሉኝ ጀመር።

አንዱ መሥሪያ ቤት በደብዳቤ ነበር ያዘዘኝ። ኃላፊው ከሌላ አካባቢ አዲስ የተመደቡ ሰው ናቸው፤ ደብዳቤው ማህተም አለው፤ «ጠንካራና ማራኪ የሆነ የኋላ ፓራውልት ተሠርቶ እንዲቀርብልን» ይላል። ጠንካራው ገብቶኛል፤ ማራኪ የሚለውን ሾፌሩን ጠየቅኩት። ደብዳቤውን ተቀብሎ አነበበና፣ ከጎረቤታችን መሥሪያ ቤት መኪና የሚበልጥ ማለት ነው አለኝ። ሠራሁት። ሳምንት ሳይሞላ ጎረቤቱ መሥሪያ ቤት በተራው ደብዳቤ ጻፈ። ያን ዓመት በሁለቱ ቢሮዎች ፉክክር ቤቴን አደስኩ።

እንዲህ እንዲህ ሲል እጄ ከበደ። ስድስት ሚሊ ላሜራ እየቆረጥኩ፣ ዳር ዳሩን በወፍራም ቱቦ እየከበብኩ የምሠራው ፓራውልት መልኩ ያምራል። ሰው ቆሞ ያየዋል፤ በእርግጫ መትቶ እግሩን እያሸ ይሄዳል። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል ብዬ አስብ ነበር።

ስንዱ የመጣችው ይህን በማስብበት ዘመን ነው።

ስንዱ ያኔ ሠላሳ ሁለት ሠላሳ ሦስት ዓመት ቢሆናት ነው። ዓረብ አገር ብዙ ዓመት ሠርታ፣ እዚያው የአሠሪዎቿን ልጆች ትምህርት ቤት እያመላለሰች መንዳት ተምራ፣ ስትመለስ አንድ አሮጌ ሃርድቶፕ ገዛች። ሌሎቹ ከስደት ሲመለሱ ቤት ይሠራሉ ወይ ሱቅ ይከፍታሉ። እሷ በገበያ ቀን ከሰቆጣ ጽጽቃ ሰውና ዕቃ ታመላልሳለች። ያን መንገድ የምትነዳ ሌላ ሴት አልነበረችም። መኪናዋ ላይ መጀመሪያ የሚሳፈሩት ሌላ መኪና ያጡ ብቻ ነበሩ። ቀስ በቀስ ግን፣ በተለይ እናቶች፣ እሷን መጠበቅ ጀምረው ነበር።

አንድ የጭነት መኪና ወደ ኋላ ሲል የስንዱን ፓራውልት ጨፈለቀው። በገመድ አስራው እኔ ጋ መጣች። እንደሌላው ሰው ወፍራም ሥራልኝ ትላለች ብዬ ስጠብቅ ጥያቄ አመጣች። ከአዲስ አበባ ተሠርቶ የሚመጣው ይሻላል ወይስ የእርስዎ? የመጣው ከመኪናዬ ሻንሲ ጋር ይገጥማል? የእርስዎ ስንት ኪሎ ይመዝናል?

የመጨረሻውን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ከባድ ነው አልኳት፤ በኩራት።

«ስንት ኪሎ ጋሽ ኪሮስ?»

አላውቅም ማለት አፈርኩ። እንመዝነዋለን አልኩ። ለሌላ ሰው ሠርቼ ያስቀመጥኩት ነበረኝ። በባጃጅ ጭነን እህል በረንዳ ወሰድነውና የነጋዴው ሚዛን ላይ አጋደምነው። ነጋዴው ዓይኑን ከብረቱ ወደ እኛ፣ ከእኛ ወደ ብረቱ እያመላለሰ፣ የዘንድሮ ምርት ነው? አለ። ሰባ ሁለት ኪሎ ሆነ። የተሰበሰበው ሰው አጨበጨበ፤ እኔም ደስ አለኝ። ስንዱ ብቻ አላጨበጨበችም።

«ይሄ እኮ አንድ ተሳፋሪ ነው» አለች። «ያውም የማይወርድ።»

ከዚያ በኋላ ተከራክረን ተስማማን። ላሜራው ሦስት ሚሊ ይሆናል፤ ጥንካሬውን ጠርዙን በማጠፍ ያገኛል። ወፍራሙ ብረት ከሻንሲው፣ ከመኪናው የብረት አጥንት፣ ጋር የሚያያዝበት ቦታ ላይ ብቻ ይገባል። መጀመሪያ ላይ፣ እንዲያ ከሆነማ ካርቶን ልሥራልሽ አልኳት፤ እሷ ግን አልተቆጣችም። የፋብሪካ መኪና ላይ ያየችውን እጥፋት በስልኳ ፎቶ አሳየችኝ። እውነቷን ነበር።

ሁለተኛው ጉዳይ መውጫው ነው። የስንዱ ሃርድቶፕ ተሳፋሪው በኋላ በር ገብቶ፣ ግራና ቀኝ ባለው አግዳሚ ላይ ፊት ለፊት የሚቀመጥበት ዓይነት ነው። ስለዚህ ፓራውልቱ ደረጃም ነው። ፓራውልቱ ላይ የሚወጣው ደግሞ ጎረምሳ ብቻ አይደለም። ስንዱ በማግስቱ እናቷን ይዛ መጣች። እማማ ብርቄ ይባላሉ፤ አንድ ጉልበታቸው አይታጠፍም። መኪናው በር ሥር ብሎኬትና ጠፍጣፋ ድንጋይ እየደራረብን፣ እየቀነስን፣ ምን ያህል ከፍታ ቢሆን ሳይደገፉ እንደሚወጡ ሞከርን። እማማ ብርቄ አሥር ጊዜ ያህል ወጥተው ወረዱ።

በመካከል ለልጃቸው በኽምጣና ቋንቋ፣ ይህ ሰውዬ የሚሰማ አይመስለኝም አሉ። አፌን በዚያ ቋንቋ የፈታሁ የፃግብጂ ልጅ መሆኔን አላወቁም። እሰማለሁ እማማ አልኳቸው፤ በዚያው በኽምጣና። በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ።

ከፓራውልቱ በታች የሚንጠለጠል ሰፊ ደረጃ እንዲኖረው ተወሰነ። ከመሬት የሚኖረውን ከፍታ መኪናው ግቢዬ ውስጥ እንደቆመ ለካሁ። ባዶ መኪና፣ ደልዳላ ሜዳ፣ ጥሩ ሜትር። ቁጥሩን ግድግዳ ላይ በጠመኔ ጻፍኩ።

ሦስተኛው ጉዳይ ላይ ተጋጨን። እኔ ፓራውልት ከሻንሲ ጋር እበይዳለሁ፤ እሷ በብሎን ይታሰር አለች። ጭነቱን የሚሸከመው ባሌስትራ ሲቀየር፣ ነዳጅ ማጠራቀሚያው ሲወርድ መፈታት አለበት አለች። የእኔ ብየዳ አይለቅም አልኳት።

«እሱን ነው የፈራሁት» አለች። «አይለቅም ያሉትን።»

በብሎን ይሁን አልኩ። ስድስት ብሎን፣ በየጎኑ ሦስት። አጠበቅኩ። ፓራውልቱ ሙሉ ጥቁር ሆኖ፣ ደረጃው ጠርዝ ላይ ነጭ መስመር ተቀብቶ፣ ምን አለፋችሁ፣ ከሠራሁት ሁሉ ያማረ ነበር። ስንዱ ልትወስደው ስትመጣ ዙሪያውን አይታ፣ ደረጃው ላይ ቆማ ዘለለችበት፤ ፊቷ በራ።

አሁን የምነግራችሁን ያኔ ለማንም አልነገርኩም። ከመምጣቷ በፊት፣ መኪናው ሥር ተኝቼ፣ በየጎኑ አንዳንድ ዳዶ ላይ ትንሽ ፑንታ መትቼ ነበር። ዳዶ ማለት ብሎኑን ከወዲያ በኩል የሚይዘው ነው። የጥፍር ታህል ብየዳ ናት። መንገዱ ያንቀጠቅጠዋል፣ ብሎን ይላላል፣ ቢወድቅ ስሜ ነው የሚጠፋው አልኩ። እሷን ደግሞ ምን አስጨነቃት፤ ከመኪና ሥር ማን ያያል?

ሰኔ መግቢያ ላይ አንድ ጤና ጣቢያ በር እንድለካ ጽጽቃ ተጠራሁ። ሌላ መኪና አልፈለግኩም፤ በስንዱ ሃርድቶፕ፣ በራሴ ፓራውልት ወጥቼ ተቀመጥኩ። ያን ቀን ከወትሮው በዝተን አሥራ አንድ ሰው ነበርን። እግራችን ሥር ሁለት ኩንታል ስኳር፣ የዘይት ጀሪካኖች፣ ከላይ አንድ እሥር ቆርቆሮ። ከጎኔ የተቀመጡት ወልዴ የሚባሉ ሽማግሌ ገበሬ ናቸው። ስንወጣ ደረጃውን በዱላቸው እየነኩ፣ የሠራው ሰው እናቱን የሚወድ ነው አሉ። እኔ ነኝ አላልኩም፤ ዝም ብዬ ጣፈጠኝ።

ከጽጽቃ በመለስ መንገዱን የሚያቋርጥ ወንዝ አለ። በበጋ አሸዋና ድንጋይ ብቻ ነው፤ ክረምት ላይ ግን ተራራ ላይ የዘነበው እዚህ ሳያካፋ ድንገት ይደርሳል። ስንደርስ ደረቅ ነበር። ከላይ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። ስንዱ ቆም አድርጋ አየችና ቶሎ እንለፍ ብላ ወረደች። ወንዙን አቋርጣ የፊት ጎማዎቹ የማዶውን ዳገት መውጣት ጀመሩ። አፍንጫው ወደ ላይ ሲነሳ ጭራው ወደ ታች ሄደ። ከሥራችን አንድ ትልቅ የብረት ድምፅ መጣ፤ መኪናው ቆመ።

ወርደን አየን። ያ ነጭ መስመር የተቀባው ደረጃ በሁለት ድንጋዮች መካከል ገብቶ ተሰክቷል። ከኋላ ሆኜ ሳይ ነገሩ ወዲያው ገባኝ። አሥራ አንድ ሰውና ያ ሁሉ ዕቃ ባሌስትራውን አስተኝቶታል። ግቢዬ ውስጥ የለካሁት ከፍታ እዚህ የለም፤ ከአንድ ስንዝር በላይ ወርዷል። ግድግዳ ላይ በጠመኔ የጻፍኩት ቁጥር ለባዶ መኪና ነው። ስንዱ ደግሞ ባዶ መኪና ነድታ አታውቅም፤ ሥራዋ ሰው መጫን ነው።

ዕቃው ወረደ። አልተነቀለም። ወደ ኋላ ሞከረች፣ ጎማው አሸዋ በላ። በክሪክ እናንሳው ተባለ፣ ክሪኩ ራሱ አሸዋ ውስጥ ገባ። አቶ ወልዴ ከወንዙ ላይኛ በኩል ካለ ቋጥኝ ላይ ወጥተው ቆሙ። ውሃ ካዩ ይጥሩን አልናቸው። አላየሁም፣ ግን ሰማሁ አሉ።

ስንዱ የምታደርገው አልጠፋትም። አሥራ ዘጠኝ ቁልፍ ይዛ መኪናው ሥር ገባች፤ ፓራውልቱን ፈትተን እንተወዋለን አለች። አንዱን ፈታች። ሁለተኛውን። ወደ ሌላው ጎን ዞራ ሌላ ሁለት። ሁለቱ ቀሩ። ቁልፉን አግብታ በሙሉ ክብደቷ ተንጠለጠለችበት፤ አልነቃነቅ አለ። አንድ ጎልማሳ ተሳፋሪ፣ ይህ የወንድ ጉልበት ነው የሚፈልገው ብሎ ገባ፤ እሱም ላብ በላብ ሆኖ ወጣ። ተሳፋሪዎቹ ብሎኑ ዝጓል፣ አጠባበቁን አታውቅም፣ ወንዙንም በዚህ መስመር መግባት አልነበረባትም ማለት ጀመሩ። ስንዱ ቁልፉን አንስታ እንደገና ልትገባ ተንበረከከች።

ዝም ብል ማንም አያውቅም ነበር። ዝገት ነው ተብሎ ይቀራል። ይህን ማሰቤን አልደብቃችሁም፤ አስቤዋለሁ። አጠገቧ ተንበረከክኩ።

«አይፈታልሽም» አልኩ። «ዳዶው ላይ ፑንታ አለ። እኔ ነኝ የበየድኩት።»

ቀና ብላ አየችኝ። ፊቷ ላይ ሁሉ አሸዋ ነበር።

«በብሎን አላልኩም?»

«ብለሻል።»

ቁልፉን መሬት ላይ አስቀመጠችና ከመኪናው ሥር ወጥታ ቦታውን ለቀቀችልኝ። «እንግዲያው እርስዎ ይፍቱት» አለች።

መቼም በር ልለካ ስለሄድኩ የዕቃ ቦርሳዬን ይዤ ነበር። የብረት መቁረጫ ስካርፔሎና መዶሻ አውጥቼ በጀርባዬ ገባሁ። ሰዉ የመኪናውን ጭራ በትከሻው ደግፎ ብሎኑ ላይ ያረፈውን ክብደት አቀለለልኝ። የራሴን ብየዳ መምታት ጀመርኩ። ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት በቀረው የሥራ ዘመኔ፣ ብየዳዬ ደካማ በሆነ ብዬ የተመኘሁት ያን ቀን ብቻ ነው። አልነበረም። ጥሩ ብየዳ ነበር። አንደኛው በሃያ ምት ገደማ ተሰነጠቀ፤ ፈታሁት። ሁለተኛው አልሰማ አለ። ከላይ አቶ ወልዴ፣ መጣ አሉ። አልጮኹም፤ እንግዳ እንደሚያስታውቅ ሰው ነው ያሉት። ለሰዉ ጭራውን ለቅቃችሁ ሂዱ ብልም ማንም አልሄደም። ጀርባዬ ሥር ያለው አሸዋ መራስ ሲጀምር ተሰማኝ።

ሁለተኛው ተሰነጠቀ። በቁልፉ ሦስት ዙር አዞርኩት፤ ፓራውልቱ ደረቴ አጠገብ ወደቀ። እግሬን ይዘው ጎተቱኝ። ስንዱ አስቀድማ መሪው ላይ ነበረች፤ መኪናው አንዴ አጓርቶ ዳገቱን ወጣ። እኛም ስኳሩንና ጀሪካኑን ተሸክመን ተከተልን።

ላይ ደርሰን ዞር ስንል ውሃው ቡናማ ሆኖ፣ ቅርንጫፍና እንጨት እያገላበጠ የቆምንበትን ሞላው። ፓራውልቱ ነጭ መስመሩ አንዴ ብልጭ አለና ሄደ። አቶ ወልዴ ከጎኔ ቆመው፣ ያ የሚያምር ነገር አሉ። ባለቤቱ እኔ መሆኔን ያኔ አውቀዋል።

ጽጽቃ ሻይ ቤት ስንገባ ወሬው ቀድሞን ነበር። በሌላ መኪና የሚመላለስ አንድ ሾፌር ከሰው መካከል ተቀምጦ፣ ወንዝ የሚገባው እንዲህ ነው፣ እሷ መስመር ስታ ነው፣ የማይችል ሰው ሕዝብ አይጭንም እያለ ያስረዳ ነበር። ስንዱ ከአንድ ጥግ ተቀምጣ ሻይዋን ታማስላለች። ሰዎቹ የሚሰሙት እሱን ነው። ከእነሱ ግማሹ በሚቀጥለው ገበያ ማን መኪና ላይ እንደሚወጡ በዚያች ቅጽበት እየወሰኑ መሆናቸው ታየኝ።

ተነሳሁ። ንግግር አልችልም፤ ለሠርግም ተነስቼ አላውቅም። መስመሩ ልክ ነበር አልኩ። ደረጃውን ዝቅ አድርጌ የሠራሁት እኔ ነኝ፤ መኪናውን ባዶውን ለክቼ። በብሎን ይታሰር ስትለኝ እሺ ብዬ ተደብቄ የበየድኩትም እኔ ነኝ። እሷ በብሎን ይሁን ባትል ኖሮ መኪናው እዚያው ይቀር ነበር። ይህን ብዬ ቁጭ አልኩ። ሾፌሩ ሳቀ፤ አንተን ነው እንዴ ሰቆጣ ሁሉ የሚያሠራህ አለኝ። አዎ አልኩት። ሌላ ምን እላለሁ?

ወደ ሰቆጣ ስንመለስ ስንዱ ከፊት አስቀመጠችኝ። ከተማው ሲታይ፣ ሌላ እሠራለሁ፣ አንቺ ምንም ሳታወጪ አልኳት።

«የሚሠሩት እርስዎ ነዎት» አለች። «የሚለካው ግን እኔ ባልኩት ቀን ነው።»

ያለችው ቀን የገበያ ቀን ሆነ። ጠዋት ተሳፋሪዎቿን ከነዕቃቸው ጭና ግቢዬ ገባች። ዳገት ላይ፣ ቁልቁለት ላይ፣ አንድ ጎማ ድንጋይ ላይ አውጥታ ስታቆም ለካሁ። ተሳፋሪዎቹ መንገድ እንሂድበት እያሉ ያጉረመርማሉ፤ እማማ ብርቄ ከውስጥ ሆነው፣ ይለካ ተዉት ይላሉ። አዲሱ ፓራውልት ሠላሳ ስምንት ኪሎ መዘነ፤ ያው እህል በረንዳ። ደረጃው በማጠፊያ ተሠርቶ፣ ሰው ሲሳፈር ይወርዳል፣ መኪናው ሊነሳ ሲል ወደ ላይ ታጥፎ በፒን ይያዛል። እንዲህ ያለ ደረጃ ዝቅም ቢል ወንዝ ውስጥ አይጎዳም። ስድስቱንም ብሎን ያጠበቀችው ራሷ ናት፤ ሥር ገብታ በባትሪ እያበራች አየች። እኔ ከሩቅ ቆሜ ጠበቅኩ።

የመጀመሪያው ፓራውልት ያን ዓመት ክረምት ሲወጣ ተገኘ። ከወንዙ በታች ያለ አንድ ገበሬ የመስኖ ቦይ ላይ አጋድሞት መሻገሪያ አድርጎታል። ሰምቼ ሄድኩ። ቀለሙ ተልጧል፤ ብረቱ ግን አንድ ቦታ አልጣመመም። የእኔ ነው አልኩት። ገበሬው ልጆቹ ሲሻገሩበት አሳየኝና፣ ለእኔ ልኩ ነው፣ ለአንተ ምን ያደርግልሃል አለ። ትቼው መጣሁ።

ስንዱ አሁንም በዚያ መንገድ ላይ ናት። ሁለተኛ መኪና ጨምራለች። ሾፌሮች እኔ ጋ ሲመጡ የስንዱን ዓይነት ይላሉ፤ ሻይ ቤት የሳቀብኝ ሰውዬ ሳይቀር። በወፍራም ላሜራ ሥራልኝ የሚል አሁንም አይጠፋም፤ መጀመሪያ እህል በረንዳ ወስጄ ከድሮ የወፍራም ሥራዬ አንዱን አስመዝነዋለሁ፣ ከዚያ ምርጫው የእሱ ነው። ዓይኔ ስለደከመ ብየዳውን ለሌሎች ትቻለሁ፤ የእኔ ሥራ መለካት ብቻ ነው።

ወደዚህ ሥራ ለምትገቡት የምለው አጭር ነው። መኪና ተጭኖ ይለካል። ደንበኛው ያለው ነገር ልክ ካልመሰላችሁ ከመሥራታችሁ በፊት ንገሩት፤ ካልተስማማችሁ ሥራውን አትቀበሉ። እሺ ካላችሁ ግን ያላችሁትን ሥሩ፤ ያላላችሁትን አትጨምሩ።